በወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት ክኒኖች

ሬሳውን ያገኙት ለልምምድ ወደ እንጦጦ የወጡ ሁለት ሯጮች ነበሩ። ማክሰኞ ጠዋት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ባለው የደን መንገድ ሽቅብ ሲሮጡ አንድ ሽማግሌ ባሕር ዛፍ ተደግፈው፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው አዩ። ያረፉ መስሏቸው «እንደምን አደሩ አባባ» ብለው አለፉ። ሲመለሱ ሽማግሌው እንዳሉ ናቸው። አንደኛው ቀረብ ብሎ ትከሻቸውን ነካ አደረገና ዘሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከአፋቸው ሮዝ መልክ ያለው አረፋ ወጥቶ ጢማቸው ላይ ደርቋል።

ኢንስፔክተር ጂቱ ቶለሳ ስትደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ አስራ ሁለቱን በወንጀል ምርመራ ላይ አሳልፋለች። መኪናው ከማይወጣበት ጀምሮ ዳገቱን በእግሯ ስለመጣች ትንፋሿን ለመሰብሰብ ቆም አለች። አብሯት የመጣው ሳጅን ጀይላን ጡረታ ለመውጣት ሰባት ወር የቀረው፣ ብዙ ሬሳ ያየ ሰው ነው። አረፋውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«መርዝ ነው» አለ።

«ሐኪም ይበለው።»

ጂቱ ጎንበስ ብላ አየች። የትግል ምልክት የለም፤ ልብሳቸው አልተቀደደም። አጠገባቸው ከዘራና ግማሽ ውሃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ወድቋል። ለዚህ ብርድና ለዚህ ዳገት ነጠላ ጫማ ማድረጋቸው ገረማት። እግራቸው ከመጠን በላይ አብጦ የጫማው ማሰሪያ ሥጋቸው ውስጥ ገብቷል። ጓንት ባጠለቀ ጣቷ ቁርጭምጭሚታቸውን ጫን ብታደርገው የጣቷ ጉድጓድ እንደ ሊጥ እንዳለ ቀረ።

ከኮታቸው ኪስ መታወቂያ ተገኘ። አባይነህ ሽፈራው፣ ሰባ አንድ ዓመት። ከመታወቂያው ሌላ ከደብተር ላይ የተቀደደች ወረቀት ነበረች፤ ጂቱ ስትፈታት ሁለት ትንንሽ ነጫጭ ክኒኖች ተጠቅልለውባታል። መልሳ ጠቅልላ ማስረጃ መያዣ ከረጢት ውስጥ ከተተቻት።

ከተሰበሰበው ሰው መሐል አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «ጋሽ አባይነህ እኮ ናቸው፤ የደን ጥበቃው» አለች። «ጎረቤታቸው ታዴዎስ ነው የጨረሳቸው። ባለፈው ሳምንት በሰው ፊት፣ ሬሳህን ካላየሁ አልተኛም ብሏቸዋል።»

ጀይላን ስሙን ጻፈ።

*

የአቶ አባይነህ ግቢ ከጫካው ዳር፣ ከፈረንሳይ ታክሲ መጨረሻ ሽቅብ ሃያ ደቂቃ የሚያስኬድ ነው። ሠላሳ ዓመት ያንኑ ጫካ ጠብቀው ጡረታ ከወጡ በኋላ ባለቤታቸው ሞተውባቸው ለብቻቸው ይኖሩ ነበር። ሲ.ኤም.ሲ የምትኖረው አንድ ልጃቸው ሰላማዊት ፖሊስ ደውሎላት ከቢሮዋ በቀጥታ መጣች። ግቢው ውስጥ እንደገባች መሬት ላይ ወደቀች።

«የልብ ድካም አለበት፣ ደም ግፊት አለበት፣ ከዚህ ዳገት ውረድ ብዬ ስንት ለመንኩት!» እያለች ጮኸች። ተነስታ ስትቀመጥ ግን ድምጿ ደረቀ። «ታዴዎስን ያዙልኝ። ሌላ የምለው የለኝም።»

ከጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ናዝራዊት የምትባል ወጣት ሴት ሰላማዊትን ደግፋ ውሃ አጠጣቻት። ሰላማዊት በወር አንድ ጊዜ መድኃኒት ይዛ ትመጣለች፤ ለአባቷ ምግብ የምታበስለውም ክኒን የምትሰጠውም ናዝራዊት ነበረች። ጂቱ ወደ ጎን ወስዳ አነጋገረቻት።

«ዛሬ ስንት ሰዓት ወጡ?»

«አስራ ሁለት ሰዓት ላይ። ጸበል ልጠጣ፣ ላመስግንም ብለው።»

«ኪሳቸው ውስጥ ክኒን አግኝተናል።»

«የሚያሸናቸው ክኒን ነው፤ ውሃውን ከሰውነታቸው የሚያወጣላቸው። ጠዋት አንድ፣ ቀትር ላይ አንድ ይወስዳሉ። ዓይናቸው ሞራ ስላለበት እኔ ነኝ እጃቸው ላይ የማደርግላቸው። ዛሬ ግን ጸበሉ በባዶ ሆድ ነው ብለው እምቢ አሉኝ። ሲመለሱ እንዲውጡት ሁለቱንም ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ሻይ እንኳ አልቀመሱም።»

ጂቱ የክኒኑን ብልቃጥ ጠየቀች። በላዩ ላይ የሰውየው ስም፣ ፉሮሴማይድ የሚል ጽሑፍ፣ የተሸጠበት ቀንና ስድሳ ፍሬ መሆኑ ተጽፏል። ከተሸጠ ሃያ ሁለት ቀኑ ነው። ጀይላን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ ቆጠረው፤ አስራ ስድስት።

«በቀን ሁለት ከሆነ የዛሬውን ጨምሮ አርባ አራት ወጥቷል። ልክ ነው» አለ።

ጂቱ ብልቃጡን አሽጋ ወሰደችው። ናዝራዊት በዓይኗ ተከተለቻት። ሲወጡ ከጓሮዋ ክፍል ደጃፍ ላይ ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ ፀሐይ እየሞቀች ተቀምጣ ነበር። ጉንጮቿ ክብና ሙሉ ናቸው።

«ያንቺ ናት?» አለች ጂቱ።

«አዎ። ፊልሞና ትባላለች።»

«ተመችቷታል፤ ደህና አድርገሽ ነው የምታበያት።»

ናዝራዊት ጎንበስ ብላ የልጇን ልብስ አስተካከለች።

*

ታዴዎስ ባሕር ዛፍ እየቆረጠ አጠና የሚሸጥ፣ ስድሳ ስድስት ዓመት የሞላው ወፍራም ሰው ነው። ጣቢያ ሲመጣ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ሬሳህን ካላየሁ አልተኛም ብለዋል?» አለችው ጂቱ።

«ብያለሁ። ድንበራችን ላይ ያሉትን ሁለት ባሕር ዛፎች ልቁረጥ ስል ገጀራዬን ነጠቀኝ። ጡረታ ወጥቶም ደን ጠባቂ ነው። ተናድጄ ነው ያልኩት። ማን ንዴት ላይ ቃሉን ይመርጣል?»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ካራ። ከአስራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ አጠና ስጭን ነበር። ሦስት ሠራተኞችና ሹፌሩ አሉ፤ ጠይቂያቸው።»

ጀይላን ወጥቶ ደወለ። አራቱም በየተራ አንድ ቃል ሰጡ፤ ታዴዎስ እስከ ሦስት ሰዓት ከካራ አልተንቀሳቀሰም። ጂቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ታዴዎስ ግን አልተነሳም። ኮፍያውን በእጁ እያዟዟረ ተቀመጠ።

«ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እሑድ ቅዳሴ ላይ ጎን ለጎን ነበርን። ሰላም አልተባባልንም። አሁን ያ ነው የሚቆጨኝ።»

«ታመው ነበር?»

«የለም፣ ድኖ ነበር እንጂ። ያን ክኒን ከጀመረ ወዲህ ሽንቱን መያዝ አይችልም፤ በየሃያ ደቂቃው ሰው እያቋረጠ ይወጣ ነበር። ካህናቱ ሳይቀሩ ያውቁታል፤ ከበሩ አጠገብ ነው ቦታው። እሑድ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ አልወጣም። ሦስት ሰዓት ሙሉ! ሲያልቅ ለሰው ሲናገር ሰማሁት፤ ጸበሉ ፈወሰኝ፣ በእግሬ ወጥቼ አመሰግናለሁ ሲል።»

ጂቱም ለደም ግፊቷ በየጠዋቱ የሚያሸና ክኒን ትወስዳለች። ዛሬ ወደ ጫካ እንደምትወጣ ሲነገራት ሳትውጠው ቦርሳዋ ውስጥ መልሳዋለች፤ ክኒኗን የዋጠች ቀን መጸዳጃ ቤት ከሌለበት አትውልም። አንድ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ከዚያ የጠነከረ ክኒን ውጦ ሦስት ሰዓት ቅዳሴ መቆም አይችልም።

«ጋሽ ጀይላን» አለች ታዴዎስ ከወጣ በኋላ። «ሰውየው አልዳኑም። ክኒኑ ሆዳቸው አልገባም።»

«ተቆጥሯል እኮ፤ ልክ ነው።»

«ከብልቃጡ ወጥቷል። እሳቸው ጋ ግን አልደረሰም።»

*

አስከሬን የመረመረው ዶክተር ዮፍታሔ ሐሙስ ዕለት ወደ ቢሮው አስገባትና በሩን ዘጋ።

«መርዝ የለም። ጠርሙሱ ውስጥ ያለውም ንጹህ ውሃ ነው» አለ። «ሳንባው ውሃ ሞልቷል። ሆዱ፣ እግሩ፣ ሁሉ ውሃ ነው። ሮዙ አረፋ የመጣው ከዚያ ነው። ልቡ ደካማ ስለሆነ ውሃውን መግፋት አልቻለም። እንዲህ ያለ ሰው የሚያሸናውን ክኒን በወጉ ከወሰደ ዓመታት ሊኖር ይችላል። ካቆመ ግን ውሃው ቀስ እያለ ይሞላዋል። በዚህ ላይ ዳገት ጨምሪበት። የሰመጠ ያህል ነው የሞተው።»

«ስንት ቀን ቢያቋርጥ ነው?»

«በአንድ ቀን አይሆንም። ሳምንታት እላለሁ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ተጋድሞ መተኛት አይችልም ነበር፤ አብሮት ያለ ሰው ሳያየው አይቀርም።» ክኒኖቹ የተጠቀለሉባትን ወረቀት ገለጠ። «ይህንንስ ልብ ብለሽ አይተሽዋል?»

አጉሊ መነጽር ሰጣት። ሁለቱም ክኒኖች ነጭ፣ ክብ፣ መሐላቸው ላይ መስመር ያለባቸው ናቸው። በዓይን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። በመነጽሩ ግን አንደኛው ጠርዙ ሰላ ያለ ነው፤ የተቀረጸበት ፊደልም ይለያል።

«አንዱ ብልቃጡ ውስጥ ካሉት ጋር አንድ ነው። ሌላው አይደለም» አለ ዶክተሩ። «ምን እንደሆነ የመድኃኒት ባለሙያ ጠይቂ።»

በመኪናው ውስጥ ጀይላን ሞተሩን ሳያስነሳ «ልጅቱ ናት» አለ። «ክኒኑን የምታመጣው ሰላማዊት ናት። ቤቱም የሚቀረው ለሷ ነው። ቅዳሜ ዕለት ስትጮህበት ጎረቤት ሰምቷል፤ እዚሁ ትሞታታለህ ብላዋለች።»

ጂቱ በዚያው ወደ ለቅሶው ቤት ሄደች። ድንኳኑ ውስጥ ሰላማዊት ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል። ጂቱ አጠገቧ ተቀምጣ ቅዳሜ ስለተባለው ነገር ጠየቀቻት።

«ብዬዋለሁ» አለች ሰላማዊት። «እግሩ ጫማ አልገባ ብሎት ነጠላ ጫማ ሲያደርግ አየሁት። እኔ ጋ ና፣ ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው አልኩት። ድኛለሁ አለኝ። ሽንት እንኳ አይመላልሰኝም ብሎ ሳቀብኝ። ተናደድኩና እዚሁ ትሞታታለህ ብዬው ወጣሁ። የመጨረሻ ቃሌ ያ ሆነ።» ከዚያ ቀና አለች። «እኔን ነው የምትጠረጥሪው?»

«ሁሉንም መጠየቅ አለብኝ።»

«ጠይቂ። ግን ያ መድኃኒት ቤት የሸጠልኝ የውሸት ክኒን ከሆነም አጣሪልኝ። እግዜር ይስጥሽ።»

*

መድኃኒት ቤቱ ወሰን ሰፈር፣ ከጋራዦቹ አለፍ ብሎ ያለ ጠባብ ቤት ነው። ባለሙያዋ ብልቃጡን ከፍታ አስራ ስድስቱን ክኒኖች አንድ በአንድ አየች።

«ሁሉም ትክክለኛ ናቸው። ከእኔ የወጡ ናቸው። የመጨረሻዎቹም ነበሩ» አለች። «ከዚያ ወዲህ ፉሮሴማይድ አልገባልኝም። ሌሎቹም ጋ የለም። በየቀኑ ሰው ይመጣል፤ እግሩ ያበጠ፣ ሆዱ ያበጠ፣ ልጅ ያዘለ። የለም ማለት ሰለቸኝ። አንዳንዱ አይሄድም፤ እዚሁ ደረጃው ላይ ይቀመጣል።»

ጂቱ በልቧ አሰላች። ሰላማዊት ያመጣችው ትክክለኛ መድኃኒት ነው፤ ስለዚህ እሷም ሻጯም ንጹሕ ናቸው። ለውጡ የተደረገው ከብልቃጡ በኋላ፣ ከሽማግሌው አፍ በፊት ነው። ወረቀቷን አውጥታ ሁለተኛውን ክኒን አሳየቻት።

«ይህስ?»

ባለሙያዋ ገልበጥ አድርጋ አየችው። «ይህማ ፕሬድኒሶሎን ነው። ለአስም ይታዘዛል፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሰውነታቸውን ለሚያሳብጥ የኩላሊት በሽታም ለልጆች ይታዘዛል። ለልብ ሕመምተኛ ግን በዚህ መልክ አይሰጥም። ጨውና ውሃ በሰውነት ይይዛል፣ ግፊትም ይጨምራል። የሚያሸናውን አቋርጦ ይህን መውሰድ ማለት…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

«ይህን የሚወስድ ሰው በምን ይታወቃል? በመልክ ማለቴ ነው።»

«ብዙ ጊዜ ከወሰደው ፊቱ ይከብባል። ጉንጩ ይሞላል። የማያውቅ ሰው ሲያየው ወፈረ፣ ተመቸው ይላል።»

ጂቱ ክኒኑን መልሳ ጠቀለለች። ደጃፍ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ያየቻት ልጅ ፊት ድቅን አለባት።

*

ቅዳሜ ጠዋት ጂቱና ጀይላን ወደ ግቢው ሲገቡ ድንኳኑ እየተነሳ ነበር። ናዝራዊት የለቅሶውን ድስት ስታጥብ አገኟት። ጂቱን ስታይ ድስቱን ጥላ ሮጣ መጣች፤ እጇ አሁንም ሳሙና ነው። ሰላምታም አላስቀደመችም።

«ኢንስፔክተር፣ ያን ብልቃጥ መቼ ነው የምትመልሱት?»

ጂቱ ቆም አለች።

«ለምን ፈለግሽው?»

«አስራ ስድስት ክኒን አለው። እሳቸው እንግዲህ አይፈልጉትም።»

«አንቺስ ምን ታደርጊበታለሽ?»

ናዝራዊት ዞራ ወደ ጓሮ ሄደች። ተከተሏት። የክፍሏን መጋረጃ ገለጠችው። ፊልሞና አልጋው ላይ በትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ከማክሰኞው ጋር ሲያስተያዩዋት ሌላ ልጅ ትመስላለች። የዓይኗ ቆቦች አብጠው ተጣብቀዋል። ሆዷ ተነፍቷል፤ እግሮቿ ከብርድ ልብሱ ውጪ ተዘርግተው ያብለጨልጫሉ። ሰው መግባቱን በድምፅ አውቃ ራሷን አዞረች።

«ማነው?» አለች።

«እንግዳ ነው፣ እናቴ። ተኚ» አለቻት ናዝራዊት። ከዚያ ወደ ጂቱ ዞረች። «ከማክሰኞ ጀምሮ ምንም የላትም። ብልቃጡን የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁ።»

ጀይላን ኮፍያውን አወለቀ። ጂቱ ናዝራዊትን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች፤ ከግድግዳው ጥግ የሸክላ ጡብ ላይ ተቀመጡ።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለቻት።

ናዝራዊት እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ኩላሊቷ ነው። ሁለት ዓመቷ ነው ከጀመራት። ያ ፊት የሚያከብበው ክኒን ሲሰጧት ቆዩ፤ አልሠራ አላት። አቁሚው፣ የሚያሸናውን ስጫት አሉኝ። ማዘዣውን ይዤ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ፣ ከኮተቤ እስከ ካራ በእግሬ ዞርኩ። የለም። ማታ ቤት ስገባ አባባ ክኒናቸውን ስጪኝ ይሉኛል፤ ብልቃጡ ሙሉ ነው። እጄ ላይ ነው።»

«እና አንዱን ለወጥሽ።»

«የቀትሩን ብቻ። የልጄ የተረፈው ክኒን ይመስለዋል፣ ነጭ ነው፤ እሱን ሰጠኋቸው። ጠዋት ትክክለኛውን ይወስዳሉ፣ ግማሽ ይበቃቸዋል አልኩ። ልጄ ሸናች። ዓይኗ ተከፈተ። ከዚያ ሐኪሙ መጠኑን እጥፍ አድርጊው አለኝ።» መሬት መሬት አየች። «ከአስር ቀን ወዲህ የጠዋቱንም ለወጥኩት።»

«የሰጠሻቸው ክኒን ውሃ እንደሚይዝ ታውቂ ነበር?»

ናዝራዊት ቀና ብላ አየቻት። ጂቱ ከፊቷ ላይ መልሱን አነበበች፤ አታውቅም ነበር።

«ምንም የማይሠራ ነው ብዬ ነው እኮ» አለች በሹክሹክታ። «ለልጄ ያልሠራ ክኒን ምን ያደርጋቸዋል ብዬ ነው።»

«እግራቸውን ግን አይተሻል። ተቀምጠው ሲያድሩም አይተሻል።»

«አይቻለሁ። ሦስት ትራስ ያደረግኩላቸው እኔ ነኝ። በየቀኑ፣ ዛሬን ብቻ፣ ነገ ትክክለኛውን እሰጣቸዋለሁ እላለሁ። ሲነጋ የልጄን ፊት አያለሁ።»

«ለምን አልጠየቅሻቸውም? ልጅሽን ይወዷት ነበር ይላሉ።»

ናዝራዊት ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። «እምቢ ቢሉኝስ? ከጠየቅኳቸውና እምቢ ካሉኝ በኋላ መውሰድ አልችልም። ሳልጠይቃቸው ግን… ሳልጠይቃቸው ይሰጡኝ ነበር ብዬ ማሰብ እችላለሁ።»

ከውስጥ ልጅቷ አሳለች። ሁለቱም አዳመጡ።

«ወረቀቱ ውስጥ አንዱ ክኒን ትክክለኛ ነበር» አለች ጂቱ።

«ማክሰኞ ጠዋት ደህና ዋዪ ሊሉኝ በሬ ላይ ቆሙ። ደስ ብሏቸዋል። ድኛለሁ ይሉኛል፤ ሲናገሩ ግን በየቃሉ ያርፋሉ። ከንፈራቸው ጠቁሯል። አልቻልኩም። የጠዋቱን ትክክለኛውን አውጥቼ፣ ይዋጡት ብዬ ለመንኳቸው። በእግዚአብሔር ስም ለመንኳቸው። ጸበሉ በባዶ ሆድ ነው አሉኝ። የቀትሩን ግን…» ጣቶቿን አየች። «የቀትሩን እጄ ለምዶ የልጄን አነሳ። ሁለቱን አብሬ ጠቀለልኳቸው።»

ጂቱ ተነሳች። የሚቀጥለውን ቃል መናገር ግዴታዋ ነበር፤ ተናገረችው። በአቶ አባይነህ ሞት ተጠርጥረሽ በቁጥጥር ስር ውለሻል፣ የምትናገሪው ሁሉ በማስረጃነት ሊቀርብብሽ ይችላል አለቻት። ናዝራዊት እንደማትሰማ ሰው መጋረጃውን ታያለች።

«መጀመሪያ ልጅቷን» አለች ጂቱ ለጀይላን። «መኪናው ያለበት ድረስ ተሸክመህ አውርዳት።»

ጀይላን ፊልሞናን አቅፎ አወጣት። ልጅቷ ውሃ ተሞልታ ከባድ ሆና ነበር፤ ዕድሜ የጠገበው ሳጅን ዳገቱን ሲወርድ ሁለት ጊዜ ቆመ።

*

በሆስፒታሉ የልጆች ክፍል ያለችው ሐኪም ልጅቷን አይታ ወዲያው ኦክስጅን አስደረገች። ጂቱን ወደ መተላለፊያው ጠራቻት።

«ሳንባዋ ውስጥ መግባት ጀምሯል። የሚያሸና መድኃኒት ያስፈልጋታል፤ መርፌውም ክኒኑም ግን እዚህ አልቋል። ደውለን እየፈለግን ነው። የምታውቂው ቦታ ካለ ዛሬ ነው፣ ነገ አይደለም።»

ብልቃጡ ታሽጎ ላቦራቶሪ ገብቷል፤ እስከ ሰኞ የሚከፍት የለም። የጂቱን የግፊት ክኒን ሐኪሟ አይታ ለዚህ ደካማ ነው ብላለች። ጂቱ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ስልኳን አወጣች። ከዚያ ሰላማዊት ጋ ደወለች።

«ገዳዩን አገኘሽው?» አለች ሰላማዊት ገና ስታነሳ።

«አግኝቻለሁ። ሁሉንም ልንገርሽ፣ ከዚያ አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ።»

ነገረቻት። ምንም አላስቀረችም፤ ሦስቱን ትራስ፣ የጠዋቱን ክኒን፣ የቀትሩን ክኒን፣ ልጅቷ የተኛችበትን ሆስፒታል።

«ለአባትሽ ለሚቀጥለው ወር ያዘጋጀሽው መድኃኒት ካለ…» አለች ጂቱ በመጨረሻ።

መስመሩ ተቋረጠ። ጂቱ ደግማ ብትደውል ስልኩ ተዘግቷል። ሐኪሟ በየአስር ደቂቃው ትመጣለች፣ የልጅቷን ደረት ታዳምጣለች፣ ትሄዳለች። ጀይላን ሦስት መድኃኒት ቤት ዞሮ ባዶ እጁን ተመለሰ። ናዝራዊት ካቴና አልተደረገባትም፤ አንዲት ሴት ፖሊስ አጠገቧ ተቀምጣለች። ናዝራዊት ግድግዳውን ትመለከታለች። ሰባት ሰዓት ላይ የልጅቷ ድምፅ ደከመ። ናዝራዊትን ከዚያ በላይ እዚያ ማቆየት ስላልተፈቀደ ወደ ጣቢያ ተወሰደች። ስትሄድ አልጮኸችም። የአልጋውን ብረት የያዙ ጣቶቿን ፖሊሷ አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው።

ሰላማዊት የመጣችው ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች መተላለፊያውን በፍጥነት አቋርጣ ከአልጋው ግርጌ ቆመች። ልጅቷን አየቻት። ለረጅም ጊዜ አየቻት።

ፊልሞና የእግር ድምፅ ሰምታ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። «አባባ ከጸበል መጡ?» አለች።

የነገራት አልነበረም። ሰላማዊት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስትመለስ ከቦርሳዋ ሁለት እሽግ ካርቶን አውጥታ ለሐኪሟ ሰጠች። የሥራ ባልደረባዋ ከናይሮቢ ሲመለስ ያመጣላት፣ አባቷ እንዳያልቅበት ብላ ያስቀመጠችው ነው።

«ለሷ ነው» አለች፤ በአገጯ ልጅቷን እያመለከተች። ከዚያ ጂቱን አየቻት። «አንድ ነገር ጻፊ። እናቷን አልምርም። ፍርድ ቤት ቆሜ ምስክር እሆናለሁ። እንዳትሳሳቺ።»

«እጽፋለሁ» አለች ጂቱ።

ሐኪሟ ክኒኑን ፈጭታ በውሃ ስትበጠብጥ ሰላማዊት አልሄደችም። የልጅቷን ራስ ደግፋ ያዘችላት።

*

እሑድ ጠዋት ጂቱ ወደ ጣቢያ ስትገባ ተረኛው ፖሊስ ከወንበሩ ተነሳ።

«ሴትየዋ ቃሏን አልፈርምም ብላለች» አለ። «ጠበቃ ይምጣልሽ ብንላት አትመልስም። አትበላም። አትተኛም።»

ናዝራዊት ጥግ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። በሩ ሲከፈት ቀና አለች። ስለ ክሱ አልጠየቀችም፣ ስንት ዓመት እንደሚፈረድባትም አልጠየቀችም።

«ሸናች?» አለች።

«ሁለት ጊዜ ማታ፣ አንድ ጊዜ ጠዋት። አንድ ዓይኗን ከፍታለች» አለቻት ጂቱ። «መድኃኒቱን ያመጣችው ሰላማዊት ናት።»

ናዝራዊት ግንባሯን ጉልበቷ ላይ ደፋች። ድምፅ አልነበረውም፤ ጀርባዋ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። ጂቱ ያልተፈረመውን ቃልና እስክሪብቶ ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። ብዙ ቆይታ ናዝራዊት ፊቷን በሁለት መዳፏ ጠረገች፤ እጇንም ዘረጋች።

«አሁን እስክሪብቶውን ይስጡኝ» አለች።